ስምንት ጎረቤት

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ጣሪያው በሁለት በኩል ዝናብ የሚያስገባ፣
አንድ ክፍል አለችኝ፤ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣
ዜሮዋን በጥፍር ካልጫኑ የማይቆጥር።

ቀን ለኅብረት ሥራው በቆሎ እመዝናለሁ፣
ማታ፣ መብራት ካለ፣ ቤት እሠራለሁ፤
ጭቃ ያልተመረገ፣ ማገር ያላሰረው፣
ሃያ በሃያ ሆኖ መስኮት ላይ የሰፈረው፣
አራት መቶ ቤት ነው።

(ቤት ስል አትሳቱ፤ ቋንቋዬ ቸር ናት፣
ለሰንጠረዥም ቤት፣ ለግጥሙም ቤት አላት፣
ለሚያፈሰው ጣሪያም ሌላ ስም የላት።)

ሕጉ ከዕድር ደንብ በእጅጉ ያጥራል፦
የበራች ቤት፣ በዙሪያዋ ሁለት ወይ ሦስት ከበራ፣ ትኖራለች፤
ከዚያ ካነሰ በብቸኝነት፣ ከበዛ በግፊያ ትጠፋለች፤
የጠፋችው ደግሞ፣ ልክ ሦስት ከከበቧት፣ ትበራለች።
ይኸው ነው። ዳኛ የለ፣ አለቃ የለ፣ የሚያዝ ድምፅ ከላይ፤
እያንዳንዷ የምታውቀው ስምንት ደጃፍ ነው፣ ከዚያ ወዲያ አታይ።
ከሩቅ ዘመድ ይልቅ የሚባለው ተረት፣
እዚህ ቅንፍ ውስጥ ነው ቁጥር የሆነበት።

ሦስት መብራት አኖርኩ፣ እንደ ጉልቻ አድርጌ፤
አራተኛዋ በራች፣ እንዳለው ሕጌ።
አራቱ ተቃቅፈው፣ ሕጉ ከታመነ፣
ዘላለም ሊቀመጡ —
ቁልፉን ስጫን ግን መስኮቱ ባዶ ሆነ።
ደግሜ ጻፍኩ። ጠፉ። ነጠላ ሰረዝ ለወጥኩ። ጠፉ።
ሦስት ሌሊት ሙሉ አብረው ቆሙ፣ አብረው አለፉ።

በአራተኛው ሌሊት ከተማዋ ራሷ ጠፋች።
(ትራንስፎርመሩ ነው፤ ዝናብ አይወድም።)
ደብተር ዘረጋሁ፣ የሒሳብ፣ ባለ ካሬ፣
ለናሙና ካመጣሁት በቆሎ አንድ እፍኝ ቆጥሬ፤
በስልኬ ብርሃን ፍሬ እያነሳሁ፣ ፍሬ እየጣልኩ ሳለ፣
በሩ ተንኳኳ፤ «ክብሪት ይኖርሻል?» የሚል ሰው አለ።

ጋሽ አንማው። ግድግዳ ከተጋራን ሁለት ዓመት፣
ስማቸውን የማውቀው ከመብራት ደረሰኝ ላይ፣ በየወሩ ስንካፈላት።
ቀያሽ ነበሩ፤ ወንድማማች ሲካሰስ ወሰን የሚተክሉ።
ክብሪቱን ረስተው፣ «እስቲ ሕጉን ንገሪኝ» አሉ።

ነገርኳቸው። አራቱን ላነሳ ስል፣ ፍሬዋን በጣታቸው ነካ ነካ፦
«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጎረቤት፤ ትኑራ! ለምን ትነካ?»
«አራት ነው እንጂ» አልኩ።
«አራተኛዋ የታለች?»
ጣቴን መሐሉ ላይ አሳረፍኩ። «ይቺ። ራሷ አለች።»
ጋሽ አንማው ሳቁ፣ ሳል እስኪይዛቸው ድረስ፦
«ልጄ፣ ሰው ለራሱ ጎረቤት ሊሆን? ከራሱ ምድጃ እሳት ሊዋስ?»

ዘጠኝ ሳጥን ስዞር መሐሏን አልዘለልኩም።
ይኸው ነበር ስህተቱ። ብዙ አልተናገርኩም፤
ሁለት ዓመት ሙሉ በዚች ጠባብ ክፍል፣
ማን አለሽ ሲሉኝ ጎረቤት አለኝ ስል፣
ማንን ቆጥሬ ነበር?

ሌሊቱን ሙሉ ፍሬ አነሳን፣ ፍሬ ጣልን፤
አንድ ገጽ ለአሁን፣ ሌላ ገጽ ለቀጣዩ አልን፤
(አዲሱን በአሮጌው ላይ ከጻፉ ቆጠራው ይደበላለቃል፤
ይህን እንኳ ቀያሽ ሳይነግሩት ያውቃል።)
አምስት ፍሬ ብቻ፣ እጅ የሌላት፣ እግር የሌላት ነገር፣
በአራት እርምጃ አንዴ ወደ ቀኝ ወደ ታች ስትሻገር፣
«ትሄዳለች እኮ!» አሉ። «ማን ሂጂ አላት?»
ማንም። መንገድ የሚባል ቃል ሕጉ ውስጥ የላት።
«ጫፍ ስትደርስስ?»
«ቀኙን ከግራው እሰፋዋለሁ፣ ታችኛውን ከላይኛው፤
በዚህ ወጥታ በዚያ ትገባለች።»
«ወሰኑስ?»
«የለውም፣ ጋሽዬ።»
ዝም አሉ። «ስንት ድንጋይ ተከልኩ» አሉ ቆይተው፣ «ለየትኛው?»

ጎህ ሲቀድ መብራት መጣ። አንዲት መስመር ጨመርኩ፦
መሐል ከሆነ፣ ዝለል።
ጉልቻዎቹ አራት ሆኑ። ቁልፉን ደጋግሜ ብጫን፣ ወይ ፍንክች።
ላሳያቸው ስዞር ሄደዋል።
በተከፈተው በር የጋሽ አንማው ዶሮ ገባች፤
መንገደኛዋን አምስት ፍሬ፣ አንድ በአንድ፣ ለቀመች፤
በየትኛው ሕግ እንደሆነ ሳትነግረኝ ወጣች።

ክብሪቱ ደብተሩ አጠገብ ቀርቷል።
አንስቼ፣ ጫማዬን ሳላጠልቅ፣ ወደ ጎረቤት ወጣሁ።